ኡርማትን ያቆመው ቀይ ወረቀት

በሐርባን መንግሥት ውርጩ መስኮት አልፎ የገባ ዕለት ብዙዎች ከእንቅልፋቸው አልነቁም። ትንፋሻቸው ከንፈራቸው ላይ በረዶ ሆኖ ቀረ። የመንግሥቱ የመጨረሻ ወረቀት ቀራጭ እመት ዶራንም የታመመች ጎረቤቷን ልታስታምም ሄዳ፣ እዚያው እንደተኛች ቀረች።

ሐርባኖች ከጥንት ጀምሮ ቀይ ወረቀት በመቀስ ቀርጸው መስኮታቸው ላይ ይለጥፉ ነበር። የውርጩ አውሬ ኡርማት የቅርጹን መስመር ሁሉ ሳያነብ ማለፍ አይችልም፤ አንብቦ ሳይጨርስ ፀሐይ ትወጣበታለች። በኋላ ግን በማሽን የታተመ ወረቀት ከወደብ መጣ፤ ርካሽ፣ የሚያምር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ኡርማት አንዱን አነበበና በከተማው መስኮት ሁሉ አልፎ ገባ።

የዶራን ልጅ ሲላሬ ከባሕር ማዶ ትምህርቷ ከተመለሰች ወዲህ የትኛውም ቤት ቤቷ አልመስል ብሏት ነበር። ቢሆንም በሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ፣ «በእናቴ ትንፋሽ እምላለሁ፤ ኡርማት ቀልጦ የወሰደውን ትንፋሽ ሳይመልስ፣ ከተራራ ከሚወርድበት ከንፋስ በር አልመለስም» አለች።

አብሯት የወጣው በቅሎ ነጂው ጋሞል ብቻ ነበር፤ አንድ እግሩን የሚጎትት፣ ወሬ የማይደክመው ሽማግሌ።

ንፋስ በር ደርሰው ጋሞል፣ ሲላሬ ቀይ ወረቀት አጥፋ በማስመሪያ ስትለካ አያት።

«ልብስ ልትሰፊለት ነው እንዴ?»

«ሁለቱ ጎን እኩል መሆን አለበት፣ ጋሼ።»

«እናትሽ ዘርግታ ስታበቃ አንድ ቦታ ታበላሸው ነበር። እስትንፋስ ትለዋለች።»

«እጇ እየሳተ ነው።»

«እሺ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አለና ለበቅሎዋ ጥቅሻ ሰጣት።

ጎህ ሲቀድ ኡርማት ነጭ ጭስ መስሎ ወረደ። ሲላሬ ቀርጻ ድንጋዩ ላይ የለጠፈቻት ቀይ ወፍ ፊት ቆመ። አንዱን ክንፍ አነበበ፤ ሌላው ያው ስለነበር ወፏን አልፎ መጣ። ፀሐይ ገና ከጋራው ጀርባ ነበረች። ሲላሬ እናቷ እጇ ስቶ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባት።

ጋሞል ተነሥቶ እግሩን እየጎተተ አውሬው ፊት ቆመ።

«ጋሼ፣ ተመለስ!»

«እኔን የመሰለ ሌላ የለም፤ ሲያነበኝ ይዘገያል። አንቺ ቅረጪ።»

ኡርማት ያነበው ጀመር። የተጣመመ እግሩን፣ የተሸረፈ ጥርሱን፣ አንድ ጎን የወረደ ትከሻውን። ያነበበው ሁሉ በረዶ ሆነ። ሲላሬ ሳትለካ፣ ሳታጥፍ፣ እያለቀሰች የምታየውን ቀረጸች፤ ሰውዬውን ከነጉብጠቱ። ኡርማት ከጋሞል ዞር ሲል ወረቀቱ ጠበቀው። ሁለቱ ጎን አልገጥም አለው፤ ደጋግሞ ከእግሩ ጀመረ። እዚያው እንዳለ ፀሐይ መታችውና ውኃ ሆኖ በድንጋዩ መካከል ፈሰሰ።

የተኙት ሁሉ ትንፋሻቸው ተመለሰ። ጋሞል ግን ትንፋሹ ብቻ ሳይሆን ሥጋው ሁሉ ተነብቦ አልቆ ነበርና አልተመለሰም።

ሲላሬ በቅሎዋን እየሳበች ከተማ ስትገባ እልልታ ነበር። እናቷን አቅፋ፣ ሕዝቡ ሳይበተን ወደ ጋሞል ቤት ሄደች፤ ለቤተሰቡ መርዶውን ልትነግር፣ ወረቀቱንም ልትሰጥ።

አንኳኳች። ጎረቤት ብቅ አለች።

«ማንን ነው፣ እታለም?»

«የጋሞልን ቤተሰብ።»

«እሱ ሰው የለውም እኮ። ብቻውን ነው የሚኖረው።»

ሲላሬ ወረቀቱን ባዶው መስኮት ላይ ለጠፈች። ከዚያ የምትሄድበት ስላልታያት ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።