ያልተበላሸው ሬዲዮ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን የምለው ወጉን ለማሳመር እንዳይመስላችሁ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ መርሳ ከተማ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፣ «ቤታችን ውስጥ ድምፅ ይሰማል» ብሎ የጠራኝ ሁሉ መጨረሻው ወይ የላላ ሽቦ ወይ ኮርኒስ ውስጥ የገባ አይጥ ነው የሆነው። ያለ ኃይል ድምፅ አይወጣም፣ ይህን ለስንቱ አስረድቻለሁ መሰላችሁ። ስለዚህ የምነግራችሁን ስሙኝና ያሻችሁን በሉ።

ስንሻውን ዘፈኑን ሰምታችሁ ታውቁት ይሆናል፣ አምባሰልን በሮክ ጊታር የሚያስጮኸውን ማለቴ ነው። ለእኛ ግን የእማማ ጥሩነሽ ልጅ ነው፣ ለእኔ ደግሞ አብሮ አደጌ። የመጀመሪያ ጊታሩን ከዘይት ቆርቆሮና ከሳይክል ፍሬን ሽቦ የሠራሁለት እኔ ነኝ፣ ከዚያ ድምፁ አነሰን ብለን የእናቱን ሬዲዮ ፈታን፣ ከአሮጌ ስልክ ያወጣሁትን ማይክ ቆርቆሮው ላይ ለጥፌ ከሬዲዮው ጋር አገናኘሁት፣ እሱ ሆዬ ሽቦውን ባለ በሌለ ኃይሉ ቢመታው ስፒከሩ ተቀደደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእማማ ሬዲዮ ዜናም ሲያነብ ጉሮሮው የቆሰለ ሰው ይመስል ነበር። ልቀይርልዎት ስላቸው «ተወው፣ የልጄ ድምፅ ነው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ስንሻው አዲስ አበባ ገብቶ ስሙ የገነነው ያንኑ የተቀደደ ድምፅ በትልልቅ አምፕሊፋየር እየፈለገ ነው።

አንድ ልማድ ነበረው። ጊታሩን ቃኝቶ የእኔን ጆሮ ካልጠየቀ አይረካም። ልጆች ሳለን ዞር ብሎ «ልክ ናት?» ይለኝ ነበር፣ ከገነነ በኋላ ነገሩ በስልክ ሆነ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እየጠበቀው ወደ እኔ ደውሎ ስልኩን ጊታሩ አጠገብ ያስቀምጥና ሦስተኛዋን ክር ይመታታል፣ እኔ «ትንሽ ሳብ አድርጋት» ወይም «ልክ ናት» እለዋለሁ፣ ይዘጋል። ሰላምታ እንኳ የለም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለሚስቴም ቢሆን፣ የሁለታችን ነበር።

ከዚያ መጠጡ መጣ። የሙዚቃ ባንዱ ተበተነ፣ ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ ሄደች፣ ሕክምና ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። መደወሉን ግን አልተወም፣ አሁን ክሯን እየመታ ያለቅሳል፣ ልክ ናት ስለው አይዘጋም፣ ደግሞ ይመታታል፣ ደግሞ ይጠይቀኛል። ሰለቸኝ። ምን እዋሻችኋለሁ፣ ሰለቸኝ። በመጨረሻው ቀን ሰባት ጊዜ ደወለ፣ የሰው ቴሌቪዥን ፈትቼ ነበርና ስልኩን በፊቱ ደፋሁት፣ ነገ እደውልለታለሁ አልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ፌስቡኩ ሁሉ በእሱ ፎቶ ተሞላ። በተከራያት ክፍል ውስጥ እንደተኛ ቀርቷል፣ አርባ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

በእኛ አገር ለእናት መርዶ በወሬ አይደርሳትም፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነግራት፣ አስከሬኑም የሚገባው በማግሥቱ ረፋድ ላይ ስለነበር እስከ ንጋት ከእማማ ልንደብቀው ተስማማን። እንግዲህ አገር ያወቀውን ከአንዲት እናት መደበቅ ምን ያህል ሥራ እንዳለው አስቡት። ባጃጆች በእሳቸው መንገድ ሲያልፉ ቴፕ ዘጉ፣ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ድምፁን እንዳያሰማ ተነገረው፣ ጎረቤቶቻቸው እንባቸውን እየዋጡ እንደ ወትሮው ውኃ ሲቀዱ ዋሉ። እማማ ስልክ የላቸውም፣ ሬዲዮ ግን አላቸው፣ እሱን የማንሳቱ ነገር የእኔ ድርሻ ሆነ።

ስደርስ ምስር ይለቅማሉ። ስፒከሩን ልይልዎትና ነገ እመልሳለሁ አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፣ ቶሎም ዓይናቸውን አላነሱልኝም፣ ስንት ዓመት ሙሉ ተወው ሲሉኝ ዛሬ ምን እንዳመጣኝ ጠየቁኝ። ሥራ ፈትቼ ነው አልኩ። «እሺ፣ ውሰደው» አሉና ወደ ምስራቸው ተመለሱ። ሬዲዮውን ብብቴ ስር ይዤ ወጣሁ።

የእሳቸው ቤት ከላይ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነው፣ የእኔ ሱቅ ከታች ዋናው መንገድ ዳር፣ በእግር ሃያ ደቂቃ ያስኬዳል፣ ይህን ያዙልኝ። ሱቄ ገብቼ የሬዲዮውን ጀርባ ከፈትኩ፣ አራቱን ባትሪ ድንጋይ አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ፣ እማማ ድንገት ቢመጡ ሥራ ላይ ነኝ ለማለት እንዲመቸኝ የስፒከሩንም ሽቦ ቆረጥኩት። መብራት ከጠዋት ጀምሮ አልነበረም፣ ከጎኔ ያለው ወፍጮ ቤት እንኳ ዝም ብሏል። ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነበር፣ ፀሐዩ በበሩ ገብቶ ጠረጴዛዬ ላይ ተኝቷል፣ እኔ ተቀምጬ ስልኬ ላይ ያሉትን ሰባት ጥሪዎች አያለሁ።

መጀመሪያ ትንሽ ጭረት ሰማሁ፣ ጥፍር ሽቦ ሲነካ የሚሰማ ዓይነት። አይጥ ነው አልኩ፣ እመኑኝ አይጥ ነው አልኩ። ከዚያ ክር ተመታ። አንድ ጊዜ። የወጣው ከዚያው ከተቀደደው ስፒከር ነው፣ ያንን ቁስለኛ ድምፅ በሕልሜም ቢሆን አልስተውም፣ ሦስተኛዋ ክር ነበረች፣ በጣም ትንሽ ዝቅ ብላለች። ዝም አለ። የተቆረጡትን ሽቦዎች አየኋቸው፣ በመካከላቸው ጣት ያስገባሉ። ደግሞ ተመታች። ደግሞ ዝም። ዝምታው ይበልጥ አስፈራኝ፣ ምክንያቱም አውቀዋለሁ፣ የሚጠብቅ ሰው ዝምታ ነው። «ትንሽ ሳብ አድርጋት» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፣ አልወጣም። ሳልፈልግ መቁጠር ጀምሬ ነበር፣ ሰባተኛዋ ላይ የሥራ ካፖርቴን ሬዲዮው ላይ ጣልኩበትና ወጥቼ በሩን ቆለፍኩ። የፈራሁት ጓደኛዬን ነው፣ በሕይወቴ አንድ ቀን ክፉ ያልተናገረኝን ሰው።

በንጋታው የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ እንድሪስ የሱብሒ ሰላታቸውን ሰግደው መጡ፣ የእማማ የነፍስ አባትም መጡ፣ ስድስት ሆነን ወጣን። በሩ ክፍት ነበር። እማማ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«ግቡ» አሉን፣ «ሌሊቱን ስጠብቃችሁ ነው ያደርኩት።»

ሼህ እንድሪስ «ጥሩነሽ፣ አብሽሪ፣ አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ብለው አጠገባቸው ቁጭ አሉ። ማን ነገራቸው ብለን ስንተያይ እማማ ወደ እኔ ጠቆሙ፣ ያልተበላሸ ሬዲዮ ልሠራ ስመጣ እንደገባቸው ተናገሩ። አያችሁ፣ ለካ መርዶውን ያረዳሁት እኔው ነኝ። አፈርኩ፣ ግን ደግሞ፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ቀለል አለኝ፣ ነገሩ ሁሉ እንዲህ ያለ ፍቺ ያለው መሰለኝ።

ረፋድ ላይ አስከሬኑን የያዘው መኪና ውርጌሳን አለፈ፣ ሊደርስ ነው ተባለና ሰው ሁሉ ወደ አስፋልቱ ሲወርድ እማማ እጄን ይዘው አስቀሩኝ። ሬዲዮው ይቀመጥበት የነበረውን ባዶ መደርደሪያ እያዩ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያ ጋ ክሩን ሲመታ ሰማሁት። ሰባት ጊዜ ጠየቀህ። ሙሌ ልጄ፣ ብትመልስለት ምን ነበረበት?»

እጄን ለቀው ልጃቸውን ሊቀበሉ ወረዱ። ሬዲዮውን በኋላ ልመልስላቸው ብል አንተ ዘንድ ይቀመጥ አሉኝ። ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ሽቦው እንደተቆረጠ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የያዝኩትን ሥራ አስቀምጬ ወደ እሱ ዞር እላለሁ፣ ደንበኛ ካለም አላፍርም፣ «ትንሽ ሳብ አድርጋት» እለዋለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ «ልክ ናት» እለዋለሁ። እስካሁን አንድም ድምፅ አልወጣውም።