የግራ እጅ ሥራ

በ፲፱፻፴ ዓመተ ምሕረት፣ በመጋቢት ወር፣ የቀወት ቆላ በሐሩር ይነድ ነበር፤ የሮቢ ወንዝም ከድንጋዩ ሥር ገብቶ ነበር፤ ጣሊያን ግን ከላይ ጣርማ በር ላይ ተራራውን መብሳቱን አላቋረጠም። ክራር መቺው ደምሴ ለዚያ ሥራ በግዳጅ ከተወሰዱት አንዱ ነበረ፤ ከዋሻው አፍ የተናደ ድንጋይ ቀኝ ክንዱን ከክርኑ አጠገብ ሰበረውና በጭነት መኪና ወደ ሸዋ ሮቢት ተመለሰ። የአርጎባው ወጌሻ አባ ሷሊሕም ክንዱን ቀጥ አድርገው በሸንበቆ አሰሩለት።

ከዚያ ወዲህ ደምሴ ከደጁ ግራር ሥር እየተቀመጠ በግራ እጁ ብቻ ይለማመድ ጀመር። ክራር ሲገረፍ ቀኝ እጅ ጅማቶቹን ሁሉ ባንድነት ይመታል፤ የግራው ሥራ የማይፈለጉትን ተጭኖ ዝም ማሰኘት ነው። ቀኙ ሲታሰር እንግዲህ የቀረው ዝም ማሰኘቱ ብቻ ሆነ፤ ጣቶቹ ይነሣሉ፣ ያርፋሉ፣ ድምፅ ግን የለም።

ሚስቱ የሺ ማሽላ እያበጠረች «ምን ይረባሃል?» ብትለው፣ «እንዳይረሳኝ» አላት። የአገሩን ዘማቾች በዚያው ክራር ወደ ማይጨው ከሸኘ፣ አብዛኞቹም እዚያው ከቀሩ ወዲህ ልቡ ደንዝዞ ነበር። ክንዱ ሲሰበር እንኳ የጮኹት ሌሎች ናቸው።

በሚያዝያ መባቻ የጣሊያኑ ጦር ሰፈር አስተርጓሚ አቶ ግርማ ከበቅሎው ሳይወርድ ከደጁ ቆመ።

«ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበት በዓል በሃያ ሰባት ይከበራል፤ ሕዝቡ ሁሉ ይሰበሰባል። ክራርህን ይዘህ እንድታወድስ ሻምበሉ አዘዋል።»

«ክንዴ እንደሚያዩት ነው፣ ጌታዬ።»

«ከተፈታ ትመጣለህ። እምቢ ያለ ምን እንደሚያገኘው ታውቃለህ።»

የበዓሉ ሳምንት አባ ሷሊሕ መጥተው ክንዱን ዳሰሱ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ገጥሟል። ዛሬ እንፈታዋለን።»

«አይፍቱት፣ አባ። ከበዓሉ ማግስት ቢፈታም ይጠረጥሩኛል፤ ክረምቱ እስኪወጣ ይቆይ።»

ሽማግሌው ነገሩ ገባቸው። «ልጄ፣ የገጠመ አጥንት ታስሮ ከከረመ ክርኑ ይደርቃል፤ አይታጠፍም። እጄ ያዳነውን እጄ ያጥፋው?»

«የዘማቾቹን እናቶች ፊት ለፊት እያየሁ የልጆቻቸውን ገዳዮች ላወድስ?»

አባ ሷሊሕ «ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም» እያሉ፣ እንባቸውም በጢማቸው ላይ እየወረደ፣ ማሰሪያውን መልሰው አጠበቁት። ደምሴ አላለቀሰም፤ ለክንዱ ማዘን እንደሚገባው ያውቃል፣ ሐዘኑ ግን አልመጣለትም።

በበዓሉ ዕለት ክንዱን እንደ ታሰረ ከሕዝቡ መካከል ቆመ። አቶ ግርማ ሸንበቆውን በአለንጋው ቆርቆር አድርጎ አለፈ፤ ሻምበሉም የሸክላ ዘፈን አስከፈተና በዓሉ ተፈጸመ።

በመስከረም ማሰሪያው ሲፈታ ክንዱ እንደ መጥረቢያ እጀታ ቀጥ ብሎ ቀረ። ደምሴም ከግራሩ ሥር ተመልሶ ጣቶቹን ማንሣትና ማሳረፍ ያዘ። የሺ ታየው ነበር፤ አላስቻላትም፤ ወንፊቷን ጥላ ክራሩ የሚመታበትን የቆዳ መግረፊያ አነሣች።

«እኔ ምኑን አውቄው?»

«ማወቅ አያሻሽም። ሁሉንም ግረፊ፤ የማይሆነውን ዝም የማሰኘው እኔ ነኝ።»

ገረፈችው። የወጣው ዘማቾቹ የተሸኙበት ዜማ ነበር፤ የሺ እያለቀሰች መታች፣ ደምሴ ግን የሌላ ሰው ክራር እንደሚሰማ ሆኖ አዳመጠው።

ጠላት ከወጣ በኋላ አርበኞቹ እንደየሥራቸው ማዕረግ ተቀበሉ፤ ዋሻውም ለመንገደኛ ሁሉ ቀረ። የደረቀ ክንድ ግን የሚመዘግበው ጸሐፊ አላገኘም። በቀወት የሚወራው የሺ የምትባል ክራር መቺ እንደ ነበረች፣ ክንደ ሽባው ባሏም አጠገቧ ተቀምጦ ክራሩን ይይዝላት እንደ ነበር ነው። ወሬው በሕይወት ሳለ ደርሶት፣ የሺ ተቆጥታ «ለምን እውነቱን አትነግራቸውም?» አለችው።

ደምሴም ጣቶቹን ከጅማቶቹ ላይ ሳያነሣ «ተያቸው፤ ዝም አይነቅዝም» አላት።