ራሱን የሚዘጋው ቧንቧ

ዘንጉ ተገልብጦ እንደታሰረ ርግበ ያስተዋለችው ውሃው የበርሜሉን አፍ አልፎ የጓዳውን ወለል ካዳረሰ በኋላ ነበር። በውሃው ላይ የምትንሳፈፈው ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ከፍ ባለች ቁጥር፣ ከእሷ ጋር የታሰረው ዘንግ ቧንቧውን በመዝጋት ፈንታ ይበልጥ ይከፍተው ነበር። ሮጣ በእጇ ዘጋችው። ለዓመት የተዘጋጀው የበርበሬ ጆንያ ግን እስከ ወገቡ ርሷል።

እናቷ ጽገ አልተቆጣችም። የረጠበውን ጆንያ ወደ ደረቅ ቦታ ጎተተች።

«ጓለይ፣ ልጄ» አለች፣ «ዛሬ በርበሬ ነው። ነገ ግድግዳው ይወድቃል።»

በሰፈራቸው በማይ ተመናይ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ አመሻሹ ላይ ነው። በርሜሉ እስኪሞላ አጠገቡ ቆሞ የመጠበቅ ሥራ የርግበ ነው። በዚያው ሰዓት ደግሞ መምህር ክፍሉ ለስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈታኞች ተጨማሪ ሒሳብ ያስተምራሉ። ርግበ ቆርቆሮውንና ዘንጉን የሠራችው ከዚህ ጥበቃ ነፃ ወጥታ ለመማር ነበር፤ እንደገና እንድትሞክር ለመነች። እናቷ አንድ ዕድል ሰጠቻት፦ በሚቀጥለው የውሃ ቀን ከሠራ ወደ ትምህርቷ ትሄዳለች፤ ካልሠራ ቆርቆሮው ይነቀልና እስከ ፈተናው ድረስ በርሜል ትጠብቃለች።

ርግበ ሐሳቡን ያገኘችው አክስቷ ሓረጉ ከምትሠራበት ቪላ፣ የመጸዳጃ ቤቱን የውሃ ሳጥን ክዳን ከፍታ አይታ ነው። እዚያ ዘንጉ ከፍ ሲል ውሃው ይዘጋል። እሷ መደበር ከሚባለው የብረታ ብረት ተራ ያመጣችው ቧንቧ ግን ከአሮጌ የቡና ማሽን የተፈታ ስለነበር ማንሻው ከፍ ሲል ይከፍታል። ውሃ ከመልቀቋ በፊት አንዴ በእጇ አንስታው ቢሆን ኖሮ ይገባት ነበር።

አሁን ዘንጉን ገልብጣ አሰረችውና በቧንቧው አፍ እየነፋች ሞከረችው። ዘንጉ ዝቅ ሲል ትንፋሿ ያልፋል፤ ከፍ ሲል አያልፍም።

ጽገ በሩ ላይ ቆማ ትጠይቅ ጀመር። ቆርቆሮዋ ብትበሳስ? ዘንጉ ግድግዳው ቢይዘውስ? አይጥ ገመዱን ብትቆርጠውስ? ርግበ መጀመሪያ ተናደደች። ከዚያ ገመዱን አየችው፤ እውነትም አይጥ ትቆርጠዋለች።

«ኣደይ፣ ቀጥዪ እስቲ። ሌላስ ምን ሊበላሽ ይችላል?» አለቻት እናቷን።

ጽገን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። ቤት ውስጥ ሁሉም «ተይ፣ ምንም አይሆንም» ነው የሚላት። በርጩማ ስባ ተቀመጠች። የቆርቆሮዋን ስፌት በሬንጅ ደፈኑ፣ ዘንጉን አሳጠሩ፣ ገመዱን በሽቦ ተኩ። ጽገ ግን አልበቃትም፤ ይህ ሁሉ እምቢ ቢልስ አለች። ያኔ ከበርሜሉ አፍ ትንሽ ዝቅ ብለው ቀዳዳ በሱና የሚተርፈው ውሃ በጎማ ቱቦ ወደ ጓሮው ጎመን እንዲወጣ አደረጉ።

የውሃው ቀን ደረሰ። ቧንቧው እያንኮራፋ ለቀቀ። ቆርቆሮዋ እየተወዛወዘች ወጣች፤ የውሃው ድምፅ ቀጠነ፣ ቀጠነና ቆመ። ርግበ በጆግ ውሃ ቀዳች። ቆርቆሮዋ ዝቅ አለች፤ ማንም ሳይነካው ውሃው እንደገና መውረድ ጀመረ።

ጽገ ጆጉን ነጠቀቻት። እሷም ቀዳች፣ እንደገናም ቀዳች፤ እየሳቀች ባልዲውን ሁሉ ሞላች።

«እንደ ሰው ያውቃል እኮ!»

«አያውቅም» አለች ርግበ፣ ጉንጮቿ ግለው። «መጉደሉን ቆርቆሮዋ ትነግረዋለች።»

ብዙ ስለቀዱ በርሜሉ ጎድሎ ነበር፤ ውሃው ይወርዳል። ጽገ እራቷን እንድትበላ ላከቻት፤ እሷ እስኪሞላ ትጠብቀዋለች። በውሃ ቀን በርሜሉ ሳይሞላ የጓዳውን በር የቆለፈ ሰው የለም። ርግበም ፈርታለች፤ አብራት ብትቀመጥ ደስ ባላት። ነገር ግን አንድ ሰው አጠገቡ ከተቀመጠ፣ ቧንቧውን የሚዘጋው ያው ሰው ነው፤ ብቻውን መሥራቱ አይታወቅም።

«ተነሺ፣ ኣደይ።»

«ቢፈስስ?»

«በቱቦው ወደ ጎመኑ ይሄዳል። አንቺ ነሽ ያሰብሽው።»

ጽገ ቱቦውን በእጇ ነካ አድርጋ ወጣች። ርግበ በሩን ሳበችና፣ ውስጥ ውሃው እየወረደ፣ ቁልፉን አዞረችው።