በአውራ ጣቷ የምትቆጥረው ልጅ

የፊደል ስህተት ካያችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ በአንድ እጄ ነው የምጽፈው።

እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም። እኔ ራሴ የሰው ወሬ ቶሎ የማላምን ሰው ነኝ። ግን ሆኗል... በእነዚህ ጣቶቼ ስር ነው የሆነው።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። መብራት አልጠፋም፣ ውሻ አላላዘነም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታ፣ በነርሲንግ ትምህርት ቤታችን የልምምድ ክፍል ውስጥ ነው።

ስለ እኔ አንድ ነገር እወቁ። ተጠራጣሪ ነኝ። በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ከመንገድ ተመልሼ መቆለፉን የማረጋግጥ ዓይነት ሰው። እናቴ «አንቺ እኮ የራስሽን ጥላ መታወቂያ ትጠይቂያለሽ» እያለች ትስቅብኛለች።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔ፣ እሷና የስፌት መኪናዋ ነን። ነጩን ጋውኔን የሰፋችልኝ እሷ ናት። ገና ሳልመረቅ ለደንበኞቿ ሁሉ «ነርሷ ልጄ» እያለች ታወራልኛለች።

ያልነገርኳት ነገር ነበር።

የተግባር ፈተናውን አንድ ጊዜ ወድቄያለሁ። ዳግመኛ ከወደቅኩ መባረር ነው። ይሄን ለእሷ ከምነግራት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

የጣለኝ ምን መሰላችሁ? የልብ ምት። መርፌ እወጋለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ፣ ግፊት እለካለሁ። የሰው እጅ ይዘሽ የልብ ምት ቁጠሪ ሲሉኝ ግን አስተማሪዋ ፊቴ ከቆሙ አለቀልኝ፤ ቁጥሩ ይጠፋብኛል።

አስተማሪያችን ሲስተር በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። ሦስት ጣት፣ ከአውራ ጣት በታች፣ የእጅ አንጓው ላይ፣ ለስለስ አድርጎ። አውራ ጣቱን የተጠቀመ ሰው እጁን በእስክሪብቶ ይመታል።

«አውራ ጣት የራሱ ምት አለው» ይሉናል። «በሽተኛውን የቆጠራችሁ ይመስላችኋል፤ የምትቆጥሩት ግን ራሳችሁን ነው!»

ታዲያ በዓመቱ አጋማሽ ላይ አንዲት ልጅ ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ መጣች። ቀጭን፣ ጸጥ ያለች። በዚያ ሙቀት እጅጌው ረጅም ሹራብ ትለብሳለች።

በመጀመሪያው ቀን ሲስተር የአንዱን ተማሪ የልብ ምት ቁጠሪ አሏት። እጁን ያዘችና አውራ ጣቷን አሳረፈች።

«አንሺ አውራ ጣትሽን!»

«ሰማንያ አንድ» አለች ልጅቷ፣ ሳትደነግጥ።

ሲስተር ተናደው ጣት የሚቆነጥጠውን የልብ ምት መለኪያ አመጡና ልጁ ጣት ላይ አደረጉት።

ሰማንያ አንድ።

ሌላ ተማሪ አስጠሩ። ልጅቷ በአውራ ጣቷ ቆጠረች። ልክ። ሌላ ጠሩ። አሁንም ልክ።

«ዕድል ነው» አሉ ሲስተር። ፊታቸው ግን እንደዚያ አይልም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ ስም አወጣላት። ማሽኗ።

ጥንድ ጥንድ ሆነን ስንመደብ ማሽኗ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል እኔን መረጠች። ጓደኞቼ «ዕድለኛ! አሁን ታልፊያለሽ» አሉኝ። እኔ ግን ገና ከመጀመሪያው ልቤ አልወደዳትም።

ሁሌም «እኔ ልቅደም» ትላለች። አውራ ጣቷን ታሳርፍብኛለች... ቀዝቃዛ ነው። ዓይኗን ትጨፍናለች። አንዳንዴ ደቂቃው አልፎም አትለቀኝም።

የእኔ ተራ ሲደርስ ወይ ደወል ይደወላል፣ ወይ እሷ መጸዳጃ ቤት መሄድ ያምራታል።

ጥፍሯን ጥቁር ቀለም ትቀባለች። ትምህርት ቤታችን ደግሞ የጥፍር ቀለም ክልክል ነው። በየቀኑ ትቆጣለች፣ በማግስቱ ተቀብታ ትመጣለች። ለምን እንደሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ። ጥፍር ላይ ጥቁር ቀለም ካለ ያ መለኪያ በደንብ አያነብም።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ቤት በማን ላይ ነው የምትለማመጂው?»

«በእናቴ።»

«የእሳቸው ስንት ነው?»

«ሁሌ ሰባ ሁለት። እናቴ ሰዓት ናት።»

«ሰባ ሁለት...» አለች ቀስ ብላ፣ ከረሜላ አፏ ውስጥ እንደምታዟዙር። «ጥሩ ልብ ነው።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። «እናትሽ ደህና ናቸው?» እኔ ደህና ልሁን አልሁን አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። እናቷን ሲጠይቁላት ደስ የማይላት ልጅ የለችም። እኔ ግን ቶሎ ወሬ እቀይርባታለሁ።

ቤት ስገባ ግን እረሳዋለሁ። እናቴ እጇን ትዘረጋለች። «በይ ነርሷ፣ ቁጠሪኝ!» እቆጥራለሁ። እሷ ፊት ቁጥሩ አይጠፋብኝም። ከዚያ በተራዋ «የአንቺን ልቁጠር» ብላ አውራ ጣቷን ትጭናለች። በሦስት ጣት ነው ብላት አትሰማኝም። ያልሆነ ቁጥር ትጠራለች፣ እንሳሳቃለን።

አንድ ቀን ማምሻውን ስገባ እየሰፋች ነበር። ስለ ማሽኗ ልነግራት ጀመርኩ።

«ምን አልሽ? ቆይ፣ መኪናውን ላቁመው» አለችኝ። «የራሴ ጩኸት እያለ የአንቺ አይሰማኝም።»

እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። ቤቱ ጸጥ አለ።

«እሰይ፣ አሁን ይሰማኛል» አለች ሳቅ ብላ። «የግቢው ቧንቧ ያንጠባጥባል። ሆድሽም ይጮሃል። ምሳ አልበላሽም እንዴ?»

ቆሜ ቀረሁ።

የራሴ ጩኸት እያለ የአንቺ አይሰማኝም...

አውራ ጣት ሰውን የሚያሳስተው የራሱ ምት ስላለው ነው። ማሽኗን ግን አያሳስታትም። መቼም አሳስቷት አያውቅም።

እንግዲያውስ...

«ተይ እንግዲህ፣ አብደሻል» አልኩ ለራሴ።

በማግስቱ ኮሪደር ላይ የምቀልድ መስዬ እጇን ለቀም አደረግኳት። በሹራቡ ላይ እንኳን ቅዝቃዜው ይሰማል። ጣቶቼ ቦታቸውን ሳይዙ እጇን ነጠቀችኝ።

አልተቆጣችም። ፈገግ አለች።

«አትቸኩይ» አለችኝ። «የፈተናው ቀን ትይዥኛለሽ።»

ለሲስተር ልነግራቸው አሰብኩ። ግን ምን እላለሁ? «ሲስተር፣ የጓደኛዬ ልብ አይመታም» ልበል? የልብ ምት መቁጠር አቅቷት የወደቀች ተማሪ? መሳቂያ ነበር የምሆነው። ተውኩት።

የፈተናው ቀን ደረሰ።

ስምንት ሰዓት። ሲስተር ወንበር ስበው አጠገባችን ተቀመጡ። ማሽኗ እንደልማዷ ቀደመች። እንደ ደንቡ ሦስት ጣቶቿን አሳረፈች። አውራ ጣቷ ግን ከጣቶቿ ስር ሾልኮ ምቱ ላይ አርፏል። ሲስተር አላዩም። እኔ አይቻለሁ። በትክክል ቆጥራ አለፈች።

ተራዬ ሆነ።

የሹራቧን እጅጌ ራሷ ወደ ላይ ሰበሰበችልኝ። ሦስት ጣቶቼን አሳረፍኩ።

ምንም።

ሲጫኑት ይጠፋል ተብለን ተምረናልና ላላ አደረግኩ። ምንም። ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ጎን...

ምንም የለም። ከጣቶቼ ስር ያለው እንደ ወለሉ የቀዘቀዘ ቆዳ ብቻ ነው። ልጅቷ ግን ተቀምጣለች። ዓይኗ ይርገበገባል።

«ግማሽ ደቂቃ ቀርቶሻል» አሉ ሲስተር ሰዓታቸውን እያዩ።

ማሽኗ ጣሪያውን እያየች ነው። ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። ግን ሰማኋት።

«የእናትሽን በይ።»

«ምን?» አልኩ በሹክሹክታ።

«የእናትሽን ቁጥር። በይና እለፊ።»

እንቢ ማለት ነበረብኝ። አውቃለሁ! መላ ሰውነቴ እንቢ በይ እያለኝ ነበር። ግን ዓይኔ ጋውኔ ላይ አረፈ፤ እናቴ ኪሱን ሁለት ጊዜ ፈትታ የሰፋችው ጋውን ላይ። «ነርሷ ልጄ» የሚለው ድምጿ መጣብኝ። ምት የለም ብል፣ ቁጭ ብላ ዓይኗን የምታርገበግብ ልጅ ፊት ማን ያምነኛል?

«ጊዜው አልቋል። ስንት ነው?» አሉ ሲስተር።

«ሰባ ሁለት» አልኩ።

ያኔ... ከጣቶቼ ስር...

ዱብ።

እጄን ልሳብ አልኩ፣ አልታዘዝ አለኝ።

ዱብ... ዱብ... ዱብ...

ጀመረ። ቆዳዋ ከጣቶቼ ስር እየሞቀ መጣ። ሲስተር እጇን ተቀበሉኝና በሦስት ጣታቸው፣ በደንቡ፣ ደቂቃ ሙሉ ቆጠሩ።

«ሰባ ሁለት» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ አየኋቸው። «ጎበዝ! አልፈሻል።»

ማሽኗ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፍናለች። ጉንጮቿ ቀልተዋል። ስንወጣ በሩ ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እናትሽን አመስግኚልኝ።»

እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። መንገዱን ሁሉ በሩጫ ነው። የግቢያችን በር ላይ ስደርስ ጆሮዬን አቆምኩ። በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ የሚሰማው የስፌት መኪና አይሰማም።

«እማዬ!»

ዘልዬ ገባሁ።

ከስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች።

እግሯ ስር ተደፍቼ አለቀስኩ። ደህና ናት! ደህና ናት! እብድ ነኝ፣ ጥርጣሬዬ ነው ያሳበደኝ አልኩ።

«አለፍኩ፣ እማዬ።»

«አውቄዋለሁ» አለች። እጇን ዘረጋችልኝ። «በይ ነርሷ፣ ቁጠሪኝ።»

ሦስት ጣቶቼን አሳረፍኩ።

ላላ አደረግኩ። ትንሽ ወደ ላይ። ትንሽ ወደ ጎን...

እጇ ቀዝቃዛ ነው።

ቀና ብዬ አየኋት። ፈገግታዋ እንዳለ ነው። ዓይኗ ይርገበገባል።

«ስንት ነው?» አለችኝ።

ጣቶቼን ሳላነሳ መለስኩላት።

«ሰባ ሁለት» አልኩ። ጠበቅኩ። ደግሜ አልኩት። እየጮህኩ አልኩት።

አልጀመረም።

እናቴ እጄን ገለበጠችና በተራዋ አውራ ጣቷን አንጓዬ ላይ አሳረፈች። ዓይኗን ጨፈነች።

«ይገርማል» አለች ቀስ ብላ። «ዛሬ ቁልጭ ብሎ ነው የሚሰማኝ።»

መቁጠር ጀመረች። ከልቤ ጋር እኩል። አንድም አልሳተችም።

አሁን ሊመሽ ነው። መኪናው አጠገብ እንደተቀመጥን ነን። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ የግቢው ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ይሰማል።

በቀኝ እጄ ይሄን እጽፋለሁ። ግራውን እናቴ ይዛዋለች... እየቆጠረች ነው።