ስልሳ ከስልሳ

ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በሆስፒታሉ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ የነበሩት የሕፃናት ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ የስታትስቲክስ ባለሙያውና መርማሪዋ ናቸው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ግን የእጅ መዘውር ሲዞር በሚንሸራተቱ ሁለት የብረት መደርደሪያዎች መካከል ደረታቸው ተጨፍልቆ ሞተው ነበር።

ክፍሉ መስኮት የለውም። መርማሪዋ በሩን ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

ሟቿ የሕክምና ጥናቶች እንዴት እንደሚፈለጉና እንደሚመዘኑ ያሠለጥኑ ነበር። ለሰማይም ለምድርም ወሬ «ምንጩስ?» ስለሚሉ ሁሉም «እትዬ ምንጩ» ይሏቸዋል። በዚያ ሳምንት ሐኪሙና ነርሷ ስለ ሕፃናት የሳንባ ምች የተሰበሰቡ ስልሳ የጥናት ማጠቃለያዎችን ለየብቻ አንብበው፣ በየቅጻቸው ላይ «ይግባ» ወይም «ይውጣ» እንዲሉ አዘዋቸው ነበር። አንዱ የሌላውን ቅጽ ማየት ክልክል ነው።

የነርሷ የደረት ስም መለያ መዘውሩ ሥር ወድቆ ተገኝቷል።

«ስምንት ሰዓት ላይ ቅጼን ሰጠኋቸው። ከዚያ መዘውሩ ከበዳቸውና ወርጄ አዞርኩላቸው፤ ያኔ ወድቆብኝ ይሆናል» አለች ነርሷ። «የስምንት ወር ልጅ ቤት ትቼ ነው የመጣሁት። ከታሰርኩ ማን ያጠባልኛል?»

«ከዚያስ የት ነበርሽ?»

«ግቢ ውስጥ፣ ብቻዬን። ዓይኔ ደክሞ ነበር።»

ሐኪሙ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። «እኔ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ላይኛው ክፍል ተቀምጬ ስልሳውንም አንብቤያለሁ። ቅጼ ያው፣ ጠረጴዛው ላይ።»

መርማሪዋ ሁለቱን ቅጾችና ማጠቃለያዎቹን ይዛ ተቀመጠች። ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንድ ሰዓት አለፈ። አየሩ ታፈነ። ነርሷ ደረቷን በሁለት እጇ ይዛ በሩን ታያለች።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ የክስ መዝገብ አይደለም» አለ ሐኪሙ። «ምኑ ይገባሻል?»

«ቀስ ብዬ ስለማነብ ነው ዶክተር። ይታገሡኝ።»

የመጨረሻውን ወረቀት ስታስቀምጥ ሦስቱን ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ሁለት ሰዎች ለየብቻ ስልሳ ጽሑፍ ቢለዩ፣ ስንቱ ላይ ይስማማሉ?» አለችው ባለሙያውን።

«ሃምሳ ካገኘሁ እጨፍራለሁ። ባልና ሚስት እንኳ እንደዚያ አይስማሙም።»

«እነዚህ ስልሳ ከስልሳ ተስማምተዋል።»

ባለሙያው ሁለቱን ቅጾች ስቦ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

«እሷ ከእኔ ገልብጣለች» አለ ሐኪሙ።

«የእሷን ቅጽ ሟቿ ስምንት ሰዓት ላይ በፖስታ አሽገውታል። ማን ፈረመበት?»

«እኔ ነኝ፤ እማኝ ሁን ብለውኝ» አለ ባለሙያው። «ያኔ የዶክተር ቅጽ ገና ባዶ ነበር፤ አይቼዋለሁ።»

«ፖስታውን ሟቿ ይዘውት ወረዱ። እኔ ያገኘሁት ተቀድዶ፣ አስከሬኑ አጠገብ ነው። ስለዚህ ከስምንት ሰዓት በኋላ የእሷን ምልክቶች የቀዳ ሰው እዚህ ምድር ቤት ውስጥ ሆኖ ነው የቀዳው።»

«አጋጣሚ ነው!»

«ቁጥር አርባ አንድን ያስታውሱታል? ሁለታችሁም ‹ይግባ› ብላችኋል።»

«ስድስት ወር ስላልሞላቸው ሕፃናት ይመስለኛል።»

«ስለ ጥጆች ነው ዶክተር። መጨረሻው መስመር ላይ ‹በረቱ በየቀኑ ይጸዳ ነበር› ይላል።»

ነርሷ ፊቷን ሸፈነች። «ላይ ላዩን ነው ያየሁት። ደክሞኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።»

«አንቺ ደክሞሽ ተሳሳትሽ። ሃያ ዓመት ሕፃናት ያከሙ ሰው ግን አንብበው ጥጃ አያስገቡም። አላነበቡትም። ሰዓቱ ያለፈው ሌላ ቦታ ነው።» መርማሪዋ ሁለት ወረቀቶች አወጣች። «ቁጥር ሰባትና ቁጥር ሃምሳ ሁለት የእርስዎ ጥናቶች ናቸው። ያንኑ አርባ ሕፃናት በሁለት ርእስ አውጥተው ሰማንያ አደረጓቸው። እትዬ ዳር ላይ ‹ያው ልጆች ናቸው፤ ዛሬ እጠይቀዋለሁ› ብለው ጽፈዋል። ጠየቁዎት?»

ሐኪሙ በሩን አየ፤ ከዚያም መደርደሪያዎቹን።

«ለሁሉም እናገራለሁ አሉኝ» አለ በመጨረሻ። «ዝም ይበሉ ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መጽሐፍ መፈለግ ቀጠሉ። መዘውሩ እጄ ላይ ነበር።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሐኪሙ በፖሊስ መኪና ተወሰደ። ነርሷ ወደ ልጇ ሄደች። የሁለቱ ጥናቶች ጉዳይ በማግስቱ ለሆስፒታሉ ቦርድ ቀረበ።