የሰባት ቁጥር ሳል

ልብስ ሰፊዋ የነርስነት መጽሐፏ ደረቷ ላይ እንደተከፈተ ሞታ ተገኘች። ከአሥር ዓመት በፊት ታክማ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ሌላ ንባብ አልነበራትም፤ ሰው በፍቅር ታሪክ እንደሚመሰጥ እሷ በደም ዝውውር ትመሰጥ ነበር። ጎረቤቱ «ዶክተሯ» እያለ ይቀልድባታል። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ግን አልቀለደም፤ የልብ ኪኒኗ ከልክ በላይ ተገኝቶባታል።

ቤቱን የሚያዘወትሩት ሦስት ናቸው፤ አብራት የምትኖር ታናሽ እህቷ፣ ሾፌር የሆነው የእህቷ ልጅ፣ ያኔ ያስታመመቻትና አሁን ጡረታ የወጣችው ነርስ።

«እትዬ ኪኒን አታዛባም» አለች እህቷ። «ቀን እኔ ሥራ ቦታ ሳለሁ የልብ ምቷን አንድ ደቂቃ ሙሉ ትቆጥራለች። ከስልሳ ካነሰ አትውጥም። እኛንም አስቆጥራ አስቆጥራ ገድላን ነበር!» ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች።

«ሰሞኑን ሁሉ ነገር ቢጫ ሆኖ ይታየኛል ትል ነበር» አለ ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ። «እርጅና ነው ብዬ ሳቅሁባት።»

«እኔ ካየኋት ወር አልፎኛል» አለች ነርሷ። «ነፍሷን ይማር።»

ቃላቸውን የተቀበለው የፖሊስ መርማሪ መጽሐፉን ገለበጠ። በየኅዳጉ የልብ ምቷ በእርሳስ ተጽፏል፤ 61፣ 67፣ 63። አንድ ቀን 59፣ ከጎኑም «ዛሬ አልወስድም»። የመጨረሻዎቹ ስድስት በሚንቀጠቀጥ እጅ ሰፍረዋል፤ 64፣ 68፣ 64፣ 72፣ 68፣ 64። ለበሽተኛ ደም ስለ መስጠት በሚያወራው ምዕራፍ ላይ ደግሞ ይህ ነበር፦ «ዛሬ ገባኝ። ሆስፒታል ሳለን የሰባት ቁጥር አልጋዋ ሴት መስኮት ዳር እንድትተኛ የኔን ስድስት ቁጥር ለቀቅሁላት። የተሰቀለላት ደም ለኔ የመጣ ነበር። ሰባት ቁጥር አሁንም ሌሊት ሌሊት ትስላለች። ለሴት ልጇ መናገር አለብኝ።»

መርማሪው ባዶው ክፍል ውስጥ ሆኖ ጆሮውን አቀና። ምንም አልሰማም፤ ግን ፈራ።

በማግስቱ ሦስቱን አልጋው ዙሪያ ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋ። «የልብ ምቴን ቁጠሩልኝ።»

ሾፌሩ ፈልጎ አጣው። እህቷ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየች ደቂቃውን ጨረሰች። «ሰባ ሦስት።» ነርሷ ወዲያው ለቀቀችው። «ሰባ ሁለት።»

«እንዴት ፈጠኑ?»

«አሥራ አምስት ሰኮንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ነዋ! ሠላሳ በሽተኛ እየጠበቀ ማን ደቂቃ ይቆጥራል?»

«እንዲህ የሚቆጥር ሰው ቁጥሩ ሁሌ ለአራት ይካፈላል» አለ መርማሪው። «የሟች ቁጥሮች እንደመጡ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ስድስት ግን ሁሉም ለአራት ይካፈላሉ። ቢጫ ማየት ኪኒኑ ሲበዛ የሚመጣ ነው፤ ያኔ የልብ ምትም ይዘገያል። ራሷ ብትቆጥር ኖሮ ከስልሳ በታች አግኝታ ኪኒኑን ትተወው ነበር። ስለዚህ ሌላ ሰው ቆጥሮላታል፣ ዋሽቷታል፣ አስውጧታል። ሲስተር፣ ውሸቱን እንኳ በአራት አባዙት።»

ነርሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ያኔ አልጋ መለዋወጣቸውን ሳያውቁ፣ ስም ሳይጠይቁ ‹ስድስት ቁጥር› ብለው ለእሷ የመጣውን ደም ለአልጋ ጎረቤቷ ሰቀሉ። ሴትዮዋ ሞተች። ሟች ለልጅቷ ከመናገሯ በፊት ለእርስዎ ነገረችዎ፤ ስለምትወድዎ።»

«የመጀመሪያውን መጽሐፍ የሰጠኋት እኔ ነኝ» አለች ነርሷ በደከመ ድምፅ። «ቤት ስትውል እንዳይሰለቻት ብዬ።»

እህቷ መጽሐፉን አቅፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። መርማሪው ደብተሩን ከፈተ። «ልጅቷን እኛ እንፈልጋታለን። የሰባት ቁጥር ስም ማን ነበር?»



«አላውቀውም» አለች ነርሷ። «ያኔም አልጠየቅኳትም።»