ካርቶን የተደፋባት አበባ

ሰዓት ሠሪው ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ ጠዋት፣ በሥራ ጠረጴዛው ሥር ነው። አንድ እጁ ወደ መስኮቱ ተዘርግቶ ቀርቷል፤ ከሰው የሆነ ነገር ሊቀበል ያሰበ ይመስል ነበር። ጭንቅላቱን የመታው ጠረጴዛው ላይ የታሰረው የብረት መቆንጠጫ፣ የሞርሳው ጠርዝ ነው። የሸሚዙ ኮሌታ ተቀዷል። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰባት ሰዓቶች ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራቸውን ቀጥለዋል።

መርማሪው በሩ ላይ ቆሞ ክፍሉን ረጋ ብሎ አየው። በመሥሪያ ቤቱ «ዝምታው» እያሉ ያሙታል። ባልደረቦቹ ሥራ ሲያልቅ ወደየቤታቸው ይሮጣሉ፤ እሱን ግን የሚጠብቀው ሰው ስለሌለ የትም ቦታ አይቸኩልም።

«ትናንት ከቀኑ ስምንት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሞቱት» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ከዚህ የበለጠ አትጠይቀኝ።»

«ከአሥራ አንድ በኋላ ነው፣ ጌታዬ» አለ ፖሊሱ ቀበል አድርጎ። መስኮቱ ላይ አፉ ተደፍቶ የተቀመጠውን ካርቶን አመለከተ። «ከሥሩ አበባ አለች። ሟቹ፣ ሰፈሩ ጋሽ ሰዓት የሚለው፣ እንድታብብለት ብሎ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይደፋባታል፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ያነሣላታል። የማያውቅ የለም። ከሰው ጋር እያወራ እንኳ ‹አሥራ አንድ ሊሞላ ነው› ብሎ ይሮጥ ነበር አሉ። እንግዲህ ካርቶኑ ከተደፋ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሕይወት ነበረ ማለት ነው።»

«ከዚያ በኋላ እዚህ ማን ነበር?»

«ከታች የምትኖረው ልብስ ሰፊ ብቻ። አስከሬኑንም ያገኘችው እሷ ናት። ቁልፍ አላት። ይዘናት እንሂድ?»

«ቆይ።»

መርማሪው ካርቶኑን በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ አነሣ። የአበባዋ ቅጠሎች እንደ ሰዓት ሰንሰለት እየተያያዙ ከሸክላው ዳር ይወርዳሉ። ጫፎቻቸው ላይ ስድስት ቀያይ እምቡጦች ብቅ ብለዋል። ሰባተኛው ተቀንጥሶ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ገና አልጠወለገም።

ከመስኮቱ አጠገብ በሴት የእጅ ጽሑፍ የተጻፈች ወረቀት ተለጥፋለች። «ስድስት ሳምንት ረጅም ጨለማ ስጣት፤ ውኃም ቀንስላት። እምቡጥ ካወጣች በኋላ ግን ካርቶኑን ተወው። ከቦታዋም አታንቀሳቅሳት፤ ይረግፍባታል።» ከሥሯ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ በየቀኑ ምልክት ተደርጎበት ማክሰኞ ላይ ሲደርስ በቀይ ተከቧል። ከማክሰኞ ወዲህ ምንም የለም። እያንዳንዷ ብሎን የራሷ ጣሳ ባላት በዚያ ክፍል፣ አልጋው ላይ ብቻ አሮጌ የሰዓት ቀበቶ ተዘርግፏል።

ልብስ ሰፊዋ ማሽኗ ላይ ተቀምጣለች፤ አትሰፋም።

«ትናንት እኩለ ቀን ላይ ሾርባ አደረስኩለት» አለች። «ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት የሰፋሁትን ላስረክብ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እዚሁ ነኝ። ጠዋት ሬዲዮውን ሳይከፍት ሲቀር ጊዜ ወደ እሱ ክፍል ወጣሁ።»

«ቁልፉ እርስዎ ጋ ለምን ሆነ?»

«ብቻውን የሚኖር ሰው አንድ ቀን በር የሚከፍትለት ይፈልጋላ። የእኔም ቁልፍ እሱ ጋ ነው።»

መርማሪው የራሱን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ዳበሰው። ሁለተኛው ቅጂ ለማንም ሳይሰጥ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ነው።

«አበባዋስ?»

«የሚስቱ ናት። እሷ ካረፈች አምስት ዓመት፣ አንድ ቀን አላበበችም። ዘንድሮ የሚስቱን ወረቀት ከመጽሐፍ ውስጥ አገኘና ጉድ አሰኘን። ማክሰኞ ሥራ አስጥሎ ደረጃውን አስወጣኝ። የሩዝ ፍሬ የምታህል እምቡጥ ሊያሳየኝ! ‹ለማን ላሳይ ታዲያ› አለኝ።» ዓይኗን በጨርቅ ቁራጭ ጠረገች። «እኔን ልትወስዱኝ ነው፣ አይደል?»

መርማሪው ማስታወሻውን አጥፎ ወጣ።

የሟቹ የዳማ ጓደኛ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። «ሐሙስ ሦስቴ አሸነፍኩት» አለ። «ዓይኑ እምቡጦቹ ላይ ነበራ፤ እያስነሣ ያስቆጥረኝ ነበር፣ ሰባት ናቸው። ትናንት ጉልበቴ አሞኝ ቤቴ ዋልኩ፤ ማታም ብቻዬን። ማን ይመስክርልኝ፣ ድመቷ?»

የሟቹ የወንድም ልጅ የአውቶቡስ መናኸሪያ ስምሪት ሠራተኛ ነው፤ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ መጣ።

«አጎትህ ጋ መጨረሻ የመጣኸው መቼ ነው?»

«ትናንት ከአሥር ሰዓት ጀምሮ መናኸሪያ ነበርኩ። አርባ ሰው ይመሰክርልኛል።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«ከመጣሁ ወር አልፎኛል» አለ ወጣቱ ኮፍያውን እያሻሸ። «በስልክ ግን እንገናኛለን። የሚያወራኝ ስለዚያ ካርቶን ነው።»

«ልታገባ ነው አሉ።»

«ቤት ካገኘሁ።»

በዚያው ከሰዓት በኋላ መርማሪው ሦስቱንም ሰዓት ሠሪው ክፍል ውስጥ ሰበሰባቸው። ልብስ ሰፊዋ በሩ አጠገብ፣ ለመሄድ እንደተዘጋጀ ሰው ቦርሳዋን ታቅፋ ቆመች።

«ይሄ ካርቶን» አለ መርማሪው «እኚህን ሴት ሊያሳስር ነበር። ጋሽ ሰዓት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደፍተውት ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ እዚህ የነበሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ግን ጋሽ ሰዓት አልደፉትም።» ወረቀቷን አነበበላቸው። «እምቡጥ ማክሰኞ ታየ። ከማክሰኞ በኋላ ካርቶኑ ሥራ አልነበረውም። እትዬ፣ ጋሽ ሰዓት ምን አደረጉበት?»

«በፊቴ አሮጌ የሰዓት ቀበቶ ሞላበት እኮ» አለች ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ። «ጠዋት ግን እሱን ወድቆ ሳየው... ዓይኔ ካርቶን ያያል እንዴ?»

«ቀበቶው አሁን አልጋው ላይ ነው። አንድ ሰው ካርቶኑን ገልብጦ አበባዋ ላይ ደፋው፤ ሞቱ ከአሥራ አንድ በኋላ እንዲመስል። ይሄ የሚጠቅመው ከአሥራ አንድ በኋላ ምስክር ላለው ሰው ነው። መምህር ምስክር የላቸውም። እትዬም የላቸውም። ደግሞ ሁለቱም እምቡጡን በዓይናቸው አይተዋል፤ ካርቶኑ ጡረታ መውጣቱን ያውቃሉ። ስለ ካርቶኑ ሰምቶ፣ እምቡጥ ሲታይ መቅረቱን ያልሰማ አንድ ሰው ብቻ አለ።»

ማንም ወጣቱን ዞሮ አላየውም።

«ሁለት ክፍል ብቻውን ይዞ» አለ የወንድም ልጁ በመጨረሻ። ድምፁ እንደ ልጅ ቀጥኗል። «ወደ እናቴ ቤት ግባ፣ እኔ እዚህ ልግባ ስለው፣ ‹ሳትፈካ አልወጣም› አለኝ። ለአበባ ብሎ። ሸክላዋን አነሣኋት... ልሰብራት አልነበረም፣ ላስፈራራው ነው። ሊቀበለኝ መጣ። በአንድ እጄ ኮሌታውን ይዤ ገፋሁት። ስልክ ደውሎልኝ ነበር ማክሰኞ። ሥራ ላይ ነኝ ብዬ ዘጋሁበት።»

«ሊነግርህ ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

ክፍሉ ሲታሸግ መርማሪው ሸክላዋን አቀፈና ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ።

«የእኔ ክፍል ፀሐይ አያገኝም» አለችው። «እርስዎ ይውሰዷት።»

በመንገድ አምስቱ እምቡጦች ረገፉ። አንዱ ቀረ። መርማሪው መስኮቱ ላይ አስቀመጣትና ዳግመኛ አልነካትም። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሸሚዙን እየቆለፈ ቀና ሲል ፈክታ አገኛት፤ ቀይ፣ ከዚያ ሁሉ ጨለማ የወጣች አትመስልም። ዞር አለ። ከኋላው አንድ ወንበርና አንድ ሲኒ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ በሩ ሲንኳኳ ማሽኗን አቆመች።

«ምነው ጌታዬ፣ ደግሞ ማን ሞተ?»

«ማንም። ሥራ ላስፈታዎት ነው።» መርማሪው ደፍ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። «ፈካች።»

ሴትዮዋ ትንሽ አየችው። ከዚያ መቀሷን አስቀመጠች፤ ከቀሚሷ ላይ ክሩን አራገፈች።

«ቤትህ ሩቅ ነው?» አለችው።